ላውንጅ ማን ይገባል፣ በር ላይስ ማን ይመለሳል?

አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ላውንጅ፣ ማለትም መንገደኞች በረራቸውን እየጠበቁ የሚያርፉበትና የሚስተናገዱበት ልዩ ክፍል፣ በነፃ የሚገባ ሰው የለም። በሩ ላይ ያለችው ሠራተኛ የመሳፈሪያ ወረቀትዎን ስካን ስታደርግ ሲስተሙ የሚፈልገው መልስ አንድ ነው፦ የዚህን መንገደኛ ሒሳብ ማን ይከፍላል? ከፋዩ አየር መንገዱ፣ ባንክ፣ የአባልነት ካርድ የሸጠ ድርጅት ወይም ራሱ መንገደኛው ሊሆን ይችላል። እንግዳ ይዞ መግባት መቻል አለመቻሉ፣ ስንት ሰዓት መቆየት እንደሚፈቀድ፣ ቦታ ሲጠብ ማን ቀድሞ እንደሚመለስ፣ ሁሉም የሚወሰነው በዚህ ነው። በር ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ አብዛኛውን ጊዜ መንገደኛው «መብቴ ነው» ብሎ የያዘው ነገር ከፋዩ ከገባው ውል ጋር ሳይገጥም ሲቀር የሚመጣ ነው።

ድሮ ጉዳዩ ቀላል ነበር። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1939 ኒውዮርክ በሚገኘው ላጓርዲያ አውሮፕላን ማረፊያ «አድሚራልስ ክለብ» የተባለውን ላውንጅ ሲከፍት የሚገባው ኩባንያው የጋበዘው ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ በአንድ ላውንጅ ውስጥ በአራትና በአምስት ዓይነት ውል የገቡ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ፤ አንዱ ሌላው በምን እንደገባ አያውቅም።

በትኬት መግባት

የቢዝነስ ወይም የፈርስት ክላስ ትኬት የያዘ ሰው በተለምዶ ላውንጁ ከትኬቱ ጋር ይመጣለታል። «በተለምዶ» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንድ አየር መንገዶች ላውንጁን አስቀርተው ዋጋውን ዝቅ ያደረጉበት የቢዝነስ ትኬት ይሸጣሉ፤ የኤምሬትስ «ስፔሻል» እና የኳታር ኤርዌይስ «ላይት» የተባሉት የቢዝነስ ታሪፎች በዚህ ይታወቃሉ። አውሮፕላኑ ውስጥ ወንበሩ ያው ነው፣ ምግቡም ያው ነው፤ ላውንጁ ግን የለበትም። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የታሪፉን ስም አይተው ዝርዝሩን ይክፈቱት። ላውንጅ እዚያ ውስጥ ካልተካተተ በር ላይ መከራከር ትርፉ ድካም ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ኮድሼር ነው፤ ትኬቱን አንድ አየር መንገድ ይሸጠዋል፣ በረራውን ሌላ አየር መንገድ ያካሂደዋል። ላውንጁን በአብዛኛው የሚወስነው በረራውን የሚያካሂደው ነው። ትኬቱ ላይ ከበረራ ቁጥሩ ሥር በደቃቅ ፊደል የሚጻፈውን የአየር መንገድ ስም ያንብቡ፤ የሚፈልጉት ላውንጅ የዚያ ኩባንያ ወይም የአጋሮቹ ላውንጅ ነው።

በማይል ካርድ መግባት

አዘውትሮ የሚበር ሰው በማይል ደረጃው፣ ማለትም አየር መንገዱ በበረራው ብዛት በሚሰጠው የደንበኝነት ደረጃ፣ ይገባል። አየር መንገዶች የተጣመሩባቸው ሦስት ትላልቅ ኅብረቶች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተው ስታር አሊያንስ «ጎልድ» ለሚለው ደረጃ፣ በ1999 የመጣው ዋንወርልድ «ሳፋየር» እና «ኤመራልድ» ለሚላቸው፣ በ2000 የተመሠረተው ስካይቲም ደግሞ «ኢሊት ፕላስ» ለሚለው ላውንጅ ይፈቅዳሉ። የሚበሩት በኢኮኖሚ ቢሆንም ችግር የለውም።

እዚህ ላይ ብዙዎችን ግር የሚያሰኝ ነገር አለ። በስታር አሊያንስ ደንብ በኢኮኖሚ የሚበረው የጎልድ ካርድ ባለቤት አንድ እንግዳ ይዞ ይገባል፤ ውድ የቢዝነስ ትኬት ገዝቶ ካርድ የሌለው ሰው ግን ብቻውን ነው የሚገባው፣ ሚስቱ ኢኮኖሚ ከሆነች ውጭ ትቀራለች። ፍርደ ገምድል ይመስላል፤ ነገር ግን አየር መንገዱ ማባበል የሚፈልገው ዛሬ ውድ ወንበር የገዛውን ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ የሚመላለሰውን ነው። እንግዳውም ቢሆን የዚያው ኅብረት በረራ መንገደኛ መሆን አለበት፤ ሊሸኝ የመጣ ዘመድ አይገባም።

በረራውም በዚያው ቀን የሚነሳ መሆን ይኖርበታል። ለትራንዚት መንገደኛ ስታር አሊያንስ ቀጣዩ በረራ በማግስቱ ከ05:00 በፊት የሚነሳ ከሆነ እንደ አንድ ቀን ይቆጥርለታል። ከዚያ በኋላ የሚነሳ ከሆነ ግን ሌሊቱን በላውንጅ ማሳለፍ አይታሰብም።

በዚህ መንገድ በር ላይ የሚያስመልሰው ስህተት ብዙውን ጊዜ ጥቃቅን ነው፦ የማይል ቁጥሩ ቡኪንጉ ውስጥ አልገባም፣ ወይም የሌላ አየር መንገድ ቁጥር ገብቷል። ያን ጊዜ የመሳፈሪያ ወረቀቱ ላይ የደረጃው ስም አይታተምም፤ ሠራተኛዋም የምታምነው የታተመውን ነው። ቼክኢን ሲያደርጉ ወረቀቱን እዚያው ይዩትና ደረጃዎ ካልተጻፈ እንዲያስተካክሉት ይጠይቁ። ካርዱን ወይም አፑን በእጅ መያዝም ያድናል።

በባንክ ካርድና በአባልነት መግባት

ብዙ ሰው አሁን የሚገባው በዚህ መንገድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚመለሰውም በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የተመሠረተው ፕራዮሪቲ ፓስ፣ ላውንጅኪ፣ ድራጎንፓስ እና መሰሎቻቸው የራሳቸው ላውንጅ ያላቸው ድርጅቶች አይደሉም ማለት ይቻላል። ከላውንጅ ባለቤቶች ጋር ተዋውለው በገባው ሰው ልክ ሒሳብ የሚያወራርዱ ደላሎች ናቸው። ባንኩ ለደንበኛው «ላውንጅ በነፃ» ሲል ይህን አባልነት ገዝቶለታል ማለት ነው።

የባንክ ካርዱን በር ላይ ማሳየት ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ቀድመው በባንኩ ድረ ገጽ ወይም አፕ ተመዝግበው የአባልነት ቁጥርና ኪው አር ኮድ ማግኘት ያስፈልጋል። ምዝገባው ቀናት ሊወስድ ስለሚችል ከጉዞው አንድ ሳምንት አስቀድሞ ይጨርሱት። በአባልነቱ ላይ ያለው ስም፣ በፓስፖርቱና በመሳፈሪያ ወረቀቱ ላይ ካለው ስም ጋር ይመሳሰል፤ የአባትን ስም አንዱ ላይ ጽፎ ሌላው ላይ መተው ሰው ያስመልሳል። ኮዱን ደግሞ በስልክዎ ላይ ያስቀምጡ፤ በሩ ላይ ኢንተርኔት አይኖርዎት ይሆናል።

ቆጠራውን በደንብ ይረዱት። እያንዳንዱ መግባት አንድ ነው። ስትሄዱ አንድ ላውንጅ፣ ትራንዚት ላይ ሁለተኛ፣ ስትመለሱ ሌላ ሁለት ከገባችሁ አራት ተቆጠረ፤ ባለቤትዎን ይዘው ከነበረ ስምንት ሊሆን ይችላል። ባንኩ በዓመት የሚሰጠው ነፃ መግቢያ ስድስት ከነበረ የሁለቱ ወጪ በካርድዎ ላይ ቆይቶ ይመጣል፤ በር ላይ ማንም አይነግርዎትም፣ ምክንያቱም ላውንጁ ሒሳቡን የሚያገኘው ከደላላው ነው። የልጆችም ነገር እንደዚሁ ነው፦ ከ2 ዓመት በታች ያሉትን ብዙዎቹ በነፃ ያስገባሉ፤ ከዚያ በላይ ያሉትን አንዳንዱ እንደ ሙሉ እንግዳ ይቆጥራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ሞልቷል» ሊባሉ ይችላሉ። ይህ የሚሆነው ላውንጁ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የአየር መንገድ ውል ስላለው ነው። ትላልቅ አውሮፕላኖች በተቀራረበ ሰዓት ሲነሱ ወንበሩ ለቢዝነስ መንገደኞች ይጠበቃል፤ ባለ አባልነት ካርዱ የሚገባው የተረፈ ወንበር ሲኖር ነው። ውሉም ላውንጁ ቦታ ከሌለው መከልከል እንደሚችል ይገልጻል። ብዙ በረራ በአንድ ጊዜ በሚነሳበት ሰዓት የሚጓዙ ከሆነ ሁለተኛ ላውንጅ አስቀድመው ያጥኑ። አንዳንዶቹ ትንሽ ክፍያ ተቀብለው በአፕ ቦታ ይይዛሉ፤ እንዲህ ያለው አገልግሎት ካለ ይጠቀሙበት።

መጨናነቁ ደንቡን እየለወጠው ነው። ዴልታ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2022 ጀምሮ ጉዞ የሚጀምር መንገደኛ ከበረራው 3 ሰዓት ቀድሞ ወደ ላውንጆቹ እንዳይገባ ከልክሏል፤ ከየካቲት 2025 ጀምሮ ደግሞ በባንክ ካርድ የሚገቡ ብዙ ደንበኞቹ የዓመት ገደብ ተጥሎባቸዋል። በብዙ አገሮች ላውንጆች ያሉት ፕላዛ ፕሪሚየምም በ2021 ከፕራዮሪቲ ፓስ ወጥቷል። የዛሬ ሁለት ዓመት የገቡበት ላውንጅ ዛሬም ያስገባኛል ብለው አይነሱ፤ በጉዞው ዋዜማ አፑን ከፍተው የመክፈቻ ሰዓቱን፣ ተርሚናሉንና ስንት ሰዓት እንደሚያስቆይ ይዩ።

የትኛው ወገን ነው?

የላውንጁ ስም ትክክል ሆኖ ቦታው የማይደረስበት ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ከፍተሻ በፊት ነው፣ አንዳንዱ ከፍተሻ በኋላ። አንዳንዱ ለአገር ውስጥ በረራ የተለየው ክፍል ውስጥ ነው፣ አንዳንዱ ከኢሚግሬሽን ባሻገር። አንዴ ካለፉ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ በብዙ ቦታ አይቻልም።

የአውሮፓ አውሮፕላን ማረፊያዎች ይህን በደንብ ያሳያሉ። ከሮም ተነስቶ በፍራንክፈርት በኩል ጆሃንስበርግ የሚሄድ መንገደኛ ፍራንክፈርት የሚያርፈው በሸንገን ክፍል ነው፣ ማለትም እርስ በርስ ያለ ፓስፖርት ቁጥጥር የሚያጓጉዙ የአውሮፓ አገሮች በረራዎች በሚስተናገዱበት፤ ጆሃንስበርግ የሚሄደው አውሮፕላን ግን ከፓስፖርት ቁጥጥር ማዶ ነው። ወዲያው ባየው ላውንጅ ገብቶ ሁለት ሰዓት ከተቀመጠ በኋላ ወደ በሩ ሲሄድ የፓስፖርት ሰልፍ ያጋጥመዋል፤ ሰልፉ አምስት ደቂቃ ይሁን አርባ ማንም አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥጥሩን ማለፍ፣ ከዚያ በመሳፈሪያ በሩ ወገን ያለውን ላውንጅ መፈለግ። ምግቡ ትንሽ ቢያንስም ልብዎ ያርፋል።

የለንደን ሂትሮው ተርሚናል 5 ሌላ ዓይነት ነው። ዋናው ሕንፃ ኤ ሲሆን ቢ እና ሲ የተባሉት በሮች በከርሰ ምድር ባቡር የሚደረስባቸው ናቸው፤ ጉዞው እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል፣ ወደ ኤ መመለሱም አስቸጋሪ ነው።

ሌላ ተርሚናል ያለ ላውንጅ ለመድረስ ወደ ውጭ መውጣት ግድ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው የቪዛ ይሆናል። ትራንዚት ላይ ያለ መንገደኛ የአገሩ መግቢያ ቪዛ የሚጠየቅ ሆኖ ቪዛው ከሌለው መውጣት አይችልም። በሸንገን አገሮች የ12 አገሮች ዜጎች ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጡ ለማለፍም ልዩ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃሉ፤ ነፃ የሚያደርጉ ሁኔታዎች ስላሉ የራስዎን ፓስፖርት ከአየር መንገዱ ጋር አስቀድመው ያረጋግጡ። ላውንጅ ለመቀየር ብሎ ኢሚግሬሽን ፊት መቆም አያዋጣም።

ሰዓቱን ወደ ኋላ መቁጠር

ላውንጅ ውስጥ ተቀምጦ በረራ ማስመለጥ ሰዎች ከሚያስቡት በላይ የተለመደ ነው። ላውንጁ ጸጥ ያለ ነው፣ ብዙዎቹም የመሳፈሪያ ጥሪ አያደርጉም፤ ወንበሩ ደግሞ ያዘናጋል።

በረራው 22:40 ይነሳል እንበል። ይህ አውሮፕላኑ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ነው እንጂ እርስዎ በሩ ጋ የሚደርሱበት አይደለም። የመሳፈሪያ በሩ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋል፤ ስለዚህ 22:20 የመጨረሻው ነው። ትላልቅ አውሮፕላኖች መሳፈር የሚጀምሩት ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ነው፤ ስለዚህ 21:50 አካባቢ። ከላውንጁ እስከ በሩ 20 ደቂቃ የሚያስኬድ ከሆነ 21:30 ላይ መነሳት ነው። እንደ ሲንጋፖር ቻንጊ ባሉ ቦታዎች ፍተሻው በሩ ላይ ነው፤ ወደ አሜሪካ በሚሄዱ በረራዎች ላይም ተጨማሪ ምርመራ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ከሆነ ሌላ 15 ደቂቃ ይጨምሩ። ስልክዎ ላይ ማንቂያ ይሙሉ፤ ከአገር ወደ አገር ሲሻገሩ ስልኩ ሰዓቱን መቀየሩንም ይዩ።

የበር ቁጥር ይቀየራል። ከመነሳትዎ በፊት ወረቀቱን ሳይሆን ስክሪኑን ያንብቡ።

በሰዓቱ ካልደረሱ አየር መንገዱ አይጠብቅም፤ ጭነቱንም ያወርደዋል። በዓለም አቀፍ በረራ ባለቤቱ ያልተሳፈረበትን ሻንጣ እንዲሁ ጭኖ መሄድ ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በስኮትላንድ ሎከርቢ ላይ በቦምብ ፈንድቶ የወደቀው የፓን አም አውሮፕላን ቦምቡ የነበረው ተጓዥ ባልነበረው ሻንጣ ውስጥ መሆኑ ይህን ደንብ አጥብቆታል። የእርስዎን ሻንጣ ፈልጎ ለማውረድ ጊዜ ስለሚያስፈልግ ሠራተኞቹ ውሳኔውን የሚወስኑት በሩ ከመዘጋቱ ቀደም ብለው ነው።

ከመጠን በላይ ቀድሞ መምጣትም አያስኬድም። ብዙ ላውንጆች ከበረራው 3 ሰዓት በፊት አያስገቡም፤ የሻንጣ መቀበያውም ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በዚያው ሰዓት አካባቢ ነው።

ከገቡ በኋላ

መጀመሪያ ሻወር ይጠይቁ፤ ምግቡ ይቆይ። ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ ስም ይመዘገባል፣ ተራዎ ሲደርስ ይጠራሉ፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሰጥዎታል። በልተው ጠጥተው በመጨረሻ የጠየቁ ሰዎች ናቸው ሳይታጠቡ የሚሳፈሩት።

ምግቡን በመልኩ ሳይሆን በሙቀቱ ይለኩት። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ነው። ክዳኑ ሲከፈት እንፋሎት የማይወጣው ሥጋና ሩዝ፣ በረዶ የሌለው ትሪ ላይ የተቀመጠ ዓሣ ይለፉት፤ ሰባት ሰዓት በአየር ላይ የሆድ ሕመም ቀልድ አይደለም። ሌሊት የሚነሳና ከሰባት ሰዓት ያልበለጠ በረራ ከሆነ ግን ላውንጅ ላይ በደንብ በልቶ አውሮፕላን ውስጥ እራቱን ትቶ መተኛት ከሁሉ የሚሻል ዘዴ ነው። መጠጥ በልክ ይሁን፦ የአውሮፕላን ውስጥ አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለ ቦታ አየር ያህል ስስ ነው፣ እርጥበቱም ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው።

ምግብ ይዞ መውጣት አብዛኛው ላውንጅ ይከለክላል። በተለይ ፍራፍሬ አይያዙ። ወደ ኒውዚላንድ ሲገቡ ቦርሳ ውስጥ የተረሳ አንድ ፖም ካላስመዘገቡት 400 የኒውዚላንድ ዶላር ያስቀጣል። የውሃ ጠርሙስም ትራንዚት ላይ ሁለተኛ ፍተሻ ካለ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ስለሆነ በብዙ ቦታ ይጣላል።

ስልክ መሙላት ሁሉም ያስታውሰዋል፤ ፓወር ባንኩንም ይሙሉት። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት (Wh) ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን ሚሊ አምፔር ሰዓት (mAh) በ3.7 አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉት፦ 20,000 የተጻፈበት 74 ይሆናል፣ ያልፋል። ሁልጊዜ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገባም።

የመሳፈሪያ ወረቀቱን ከመጠጥ ብርጭቆ ጋር አንስቶ ፎቶውን መለጠፍ የተለመደ ሆኗል። ባርኮዱ ውስጥ ስምዎና የቡኪንግ ኮድዎ አለ። በነዚህ ሁለቱ ብቻ ሌላ ሰው ቡኪንግዎን ድረ ገጽ ላይ ከፍቶ ወንበር ሊቀይር፣ አንዳንዴም የመልስ ጉዞውን ሊሰርዝ ይችላል።

በረራ ሲዘገይ ወይም ሲሰረዝ የላውንጅ ትልቁ ጥቅም ይገለጣል፣ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። አየር መንገዱ ራሱ በሚያስተዳድረው ላውንጅ ውስጥ ትኬት የሚቀይር ሠራተኛ ብዙ ጊዜ አለ። ታች ሁለት መቶ ሰው ሲሰለፍ እዚያ አምስት ሰው ብቻ ይሆናል። በአባልነት ካርድ የሚገባበት የጋራ ላውንጅ ግን ይህን አይሰጥም፤ እዚያ ያሉት የመስተንግዶ ሠራተኞች ናቸው፣ ትኬት መንካት አይችሉም። እንዲህ ያለ ቦታ ሆነው በረራዎ ከተሰረዘ አይጠብቁ፤ በአየር መንገዱ አፕ እየሞከሩ ወደ ትኬት መስኮቱ ይውረዱ።

ከኪስዎ ከፍለው ለመግባት ካሰቡ፣ በእኛ ግምት ከመሳፈር በፊት ያለዎት ነፃ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል ካነሰ አያዋጣም። አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ትራንዚት፣ ሻወርና አንድ ሙሉ ምግብ ሲደመር ግን ውጭ ካለው ካፌ ወጪ ጋር ይስተካከላል። አስቀድሞ በኢንተርኔት መግዛት በር ላይ ከመክፈል ይሻላል፤ ቦታውም ይያዝልዎታል።

መግባት እያለብዎት ከተከለከሉ ድምፅ ሳያሰሙ ምክንያቱን ይጠይቁ። «ሞልቷል» ከሆነ መቼ እንደሚቀል ይጠይቁና ስምዎን ያስመዝግቡ። «ደንቡ አይፈቅድም» ከሆነ የአሊያንሱን ወይም የአፑን ገጽ ያሳዩ፤ ካልተግባቡ የፈረቃ ኃላፊውን ያስጠሩ። ገብተው ከሆነ ደግሞ የፈረሙበትን ወይም ስካን የተደረገበትን ወረቀት ፎቶ አንስተው ቀኑንና የሰው ብዛቱን ይያዙ። አንድ ሰው ሆነው ሁለት ተብሎ ከተመዘገበ ከወር በኋላ ባንኩ የሚጠይቅዎት ማስረጃ እሱ ነው።